የስልክን የአማርኛ ፊደል ገበታ በኮምፒዩተር ላይ ስለ ማሠራት

ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለእርሻ ጽሕፈት ቤት ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የቀረበ ማስረጃ

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ ጨውና እህል፣ ከብትና ጨርቅ የሚለወጥባት ስፍራ ስለ ነበረች ሒሳብ የሚይዝና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋት ነበር። ዛሬም በሊቦ ከምከም ወረዳ ያለው ገበሬ ጤፉንና ሩዙን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ማዳበሪያ ሲጠይቅና የመሬቱን ይዞታ ሲያስመዘግብ ጉዳዩ ሁሉ የሚያልፈው በጽሕፈት ነው። የተለወጠው የጽሕፈቱ መሣሪያ ነው፤ ቀድሞ ብርዕና ቀለም፣ ቀጥሎም የጽሕፈት መኪና ነበረ፤ አሁን ግን ስልክና ኮምፒዩተር ሆኗል።

በዚህም ላይ አንድ ችግር ተከትሏል። አብዛኛው የቀበሌ የእርሻ ባለሙያና ጸሐፊ አማርኛ መጻፍን የለመደው በስልክ ነው። አውራ ጣቱ የፊደሉን ቦታ ሳያይ ያገኘዋል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር በተቀመጠ ጊዜ ግን ከፊቱ የሚያገኘው የላቲን ፊደል የተቀረጸበት ገበታ ስለ ሆነ፣ በስልክ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ደብዳቤ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው በስልኩ ጽፎ ጽሑፉን በቴሌግራም ወደ ራሱ ይልክና በኮምፒዩተር ከፍቶ ይገለብጠዋል። ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም፤ ለአጭር ደብዳቤ ይበቃል። ነገር ግን የሁለት መቶ ገበሬዎችን ስም በሠንጠረዥ ለሚያሰፍር ሰው አይሆንም።

ከዚህ የተነሣ «በስልኬ ላይ ያለውን የፊደል ገበታ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ማምጣት ይቻላልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ይቻላል ነው፤ መሣሪያውም ኢሙሌተር ይባላል። ነገር ግን የሚቻለው ነገር ሁሉ የሚጠቅም ስላልሆነ፣ አሠራሩን ከነጉዳቱ ማወቅ ይገባል።

አስቀድሞ ችግሩ ከወዴት እንደ መጣ እንናገር። የአማርኛ ዋና ዋና ፊደላት 33 ሲሆኑ እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏና ቋ ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣሉ። በጽሕፈት መኪና ላይ የሚገኙት መምቻዎች ግን ከ50 አይበልጡም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ መፍትሔውም ፊደሉን በአንድ ምት ከማተም ይልቅ ከአካልና ከቅጥል አጋጥሞ ማውጣት ነበር። በኋላም በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራባቸው እንደ ኦሊቬቲ ያሉ መኪናዎች ከዚሁ ጥበት አላመለጡም። በእነዚያ መኪናዎች የተጻፉትን የቆዩ ደብዳቤዎች ያየ ሰው የካዕቡና የሣልሱ ቅጥል ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ መቆሙን ያስታውሳል።

ኮምፒዩተር ፊደሉን ቈራርጦ አይገጣጥምም፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ «ለ» የሚለው ፊደል በይፋግም ሆነ በዋሽንግተን በአንድ ቍጥር ይታወቃል። ነገር ግን መምቻው አሁንም ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት የግድ ነው። በተለመደው የድምፅ ስልት «ኤስ» የተባለችው የላቲን ፊደል ብቻዋን ስትመታ ስ ይወጣል፤ «ኢ» ስትከተላት ሰ፣ «ዩ» ስትከተላት ሱ፣ «ኤ» ስትከተላት ሳ ይሆናል። በስልክ ላይ ግን መስተዋቱ ራሱ ገበታ ስለ ሆነና እንደ ፈቀዱ ስለሚለዋወጥ፣ አንዳንዱ የፊደል ገበታ ግእዙን ሲነኩት ሰባቱን መልክ በአንድ ረድፍ ዘርግቶ ያሳያል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሀሁን በዜማ የቈጠረ ሰው ይህን ስልት ቢወድ አይፈረድበትም፤ የላቲን ፊደል ሳያስብ ይጽፋልና።

ኢሙሌተር ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ የስልክን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። በቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ቤት እንደ መሥራት ያለ ነው፤ የውስጡ ቤት የራሱ በር፣ የራሱ ዕቃና የራሱ ሥርዓት ይኖረዋል፤ እህሉን ግን የሚበላው ከትልቁ ቤት ጎተራ ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ከተሠሩት ኢሙሌተሮች ብሉስታክስ የተባለው በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ጉግልም ለፕሮግራም ሠሪዎች ባዘጋጀው አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ የራሱን ኢሙሌተር ይሰጣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዊንዶውስ 11 የአንድሮይድ ማሠሪያ ራሱ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ድጋፉን በየካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ስላቆመ፣ በእርሱ ተማምነው ሥራ የጀመሩ መሥሪያ ቤቶች ካሉ ወደ ሌላ መዛወር አለባቸው።

ስለ አገጣጠሙ፤ ለብሉስታክስ 5 የተወሰነው ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋባይት ራምና 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው። ይህ ግን ለመነሻ ያህል ነው። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ዊንዶውሱንና ኢሙሌተሩን፣ በላዩም ወርድንና ኤክሴልን አንድ ላይ ሲሸከም እንደ ደከመ በሬ በየትልሙ ይቆማልና፣ 8 ጊጋባይት ከሌለ ባይጀምሩት ይሻላል። ሁለተኛው ነገር ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ችሎታ መከፈቱ ነው። ይህ ችሎታ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳለ ከፋብሪካው ተዘግቶ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ ወደሚባለው ክፍል ገብቶ መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህንም የማያውቅ ጸሐፊ ራሱ ከሚነካካ የወረዳውን የኮምፒዩተር ባለሙያ ቢጠራ መልካም ነው። ኢሙሌተሩ የዘገመበት ሰው ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይህን ያስመርምር።

ፕሮግራሙ ከሠሪው ከራሱ ገጽ ወርዶ ከተጫነ በኋላ በውስጡ ያለው ስልክ ይነሣል። ወደ ፕሌይ ስቶር ለመግባት የጉግል መለያ ይጠይቃል። የአንዱን ሠራተኛ የግል መለያ ከማስገባት ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ መለያ ማውጣት ይገባል። ከዚያም የለመዱትን የፊደል ገበታ፣ ጂቦርድም ሆነ ፊንግእዝ ወይም ኪማን፣ ከፕሌይ ስቶር ያወርዳሉ። መውረዱ ብቻ አይበቃም፤ በሴቲንግስ ውስጥ የቋንቋና የጽሕፈት ክፍል ተከፍቶ አዲሱ ገበታ እንዲሠራ መፍቀድ፣ ቀጥሎም ዋናው ገበታ እንዲሆን መምረጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁሉን ነገር በሥርዓት ፈጽሞ ሳለ ገበታው አይታየውምና። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድሮይድ እውነተኛ የመምቻ ገበታ የተያያዘ መሆኑን ባወቀ ጊዜ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ገበታ ይሰውራል፤ ኢሙሌተሩም የኮምፒዩተሩን ገበታ እንደ ተያያዘ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለዚህ በዚያው በቋንቋና በጽሕፈት ክፍል ውስጥ የውጭ ገበታን የሚመለከተውን ስፍራ ከፍቶ፣ ገበታው ተያይዞም ሳለ የመስተዋቱ ገበታ እንዲታይ ማዘዝ ነው። ያን ጊዜ ፊደሎቹ ብቅ ይላሉ።

ነገር ግን ፊደሎቹ ከታዩ በኋላ ሌላ ነገር ይገለጣል። በኮምፒዩተሩ ገበታ ላይ በጣት የሚመታው ምት ብዙውን ጊዜ በአማርኛው ገበታ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ጽሑፉ ስለሚሄድ፣ የሚወጣው ላቲን ነው። አማርኛው የሚወጣው በመስተዋቱ ላይ ያለውን ፊደል በማውዝ አንድ በአንድ ሲነኩ ነው። በስልክ ሁለት አውራ ጣቶች ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁን አንዲት ቀስት ትሠራዋለች ማለት ነው። የሚነካ መስተዋት ያለው ኮምፒዩተር ከሆነ ግን በጣት ይቻላልና ነገሩ ይቀላል።

ዳግመኛም መታወቅ ያለበት፣ በኢሙሌተሩ ውስጥ ያለው ገበታ የሚጽፈው በኢሙሌተሩ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ከውጭ በተከፈተው ወርድ ወይም ኤክሴል ላይ አንዲት ፊደል አያሳርፍም፤ የውስጡ ቤት በር ወደ ትልቁ ቤት አይከፈትምና። ስለዚህ በውስጡ ባለ የማስታወሻ መጻፊያ ላይ ጽፎ፣ ጽሑፉን ቀድቶ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ መለጠፍ ያስፈልጋል። የታወቁት ኢሙሌተሮች ይህን መቅዳት ይፈቅዳሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ገና ያልተቀዳው ሊጠፋ ስለሚችል፣ ረጅም ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው በየአንቀጹ እየቀዳ ያውጣ።

እንግዲህ ለዕለት ሥራ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ ወይ የተባለ እንደ ሆነ፣ አለ። በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ የአማርኛ ገበታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ከሴቲንግስ ውስጥ ወደ ጊዜና ቋንቋ ክፍል ገብቶ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዊንዶውስን መምቻ ይዞ ረጅሙን የክፍተት መምቻ በመንካት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመላለስ ይቻላል። ገንዘብ አያስከፍልም፣ ራም አይበላም፣ በወርድም በኤክሴልም ላይ በቀጥታ ይጽፋል። ሌላው ኪማን ነው። ይህ ፕሮግራም በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ዋና ጥቅሙ በስልክም በኮምፒዩተርም የሚሠራ መሆኑ ነው፤ በግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተዘጋጀው የአማርኛ ገበታ በሁለቱም ላይ ይገኛል። ስልኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር በሽቦ አያይዞ የስልኩን መስተዋት በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያሳይ ኤስሲአርሲፒዋይ የሚሉት ነጻ ፕሮግራምም አለ። ይህ ኢሙሌተር አይደለም፤ እውነተኛው ስልክ ራሱ ነው የሚሠራው። በስልኩ ላይ የተቀዳው ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል፣ በለመዱት ገበታ በአውራ ጣት እየጻፉ ወደ ወርድ ማሳለፍ ለሚፈልጉ ከኢሙሌተር ይልቅ የሚስማማ ነው።

ታዲያ ኢሙሌተር ለምን ይጠቅማል? በእኛ አስተያየት ለማስተማርና ለመፈተን ነው። እንበል፣ የወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት የየቀበሌውን ባለሙያዎች በአዲስ ዘመን ሰብስቦ የሰብል ዘገባ በስልክ እንዴት እንደሚሞላ ሊያሳያቸው ቢፈልግ፣ አሠልጣኙ የአንድ መዳፍ ስፋት ያለው ስልኩን ከፍ አድርጎ ቢይዝ ከኋላ የተቀመጠው ምንም አያይም። ኢሙሌተሩን በኮምፒዩተር ከፍቶ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ቢያሳይ ግን፣ የትኛው ፊደል እንደ ተነካ፣ «ኃ»ን ለማግኘት የት እንደሚሄዱ ሁሉም ያያሉ። እንደዚሁም ለስልክ የተዘጋጀ ቅጽ ወደ ገጠር ከመላኩ በፊት በአማርኛ ሲሞላ ፊደሉ ሳይዛባ መቀበሉን በኢሙሌተር መፈተን ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል አላገኘንም።

ስለ «ኃ» ከተነሣ አይቀር፣ ነገሩ የሚመስለውን ያህል ትንሽ አይደለምና ጥቂት እንቆይበት። ሰው ሲያነብ «ኃይለ ማርያም» እና «ሀይለማርያም» አንድ ስም መሆናቸውን ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን አያውቅም። ሀ፣ ሐና ኀ ሦስት የተለያዩ ቍጥሮች ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በሁለት ቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ራሱን የቻለ ቍጥር አለው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የገበሬው ስም በመጀመሪያ በእጅ ጽሕፈት ተመዝግቧል፤ መዝገቡም ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ጸሐፊው የሚመታው ገበታው ያቀረበለትን ፊደል ነው። በስልክ ገበታዎች ላይ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ሀ በፊት ለፊት ይገኝና ሌሎቹ ጣትን ተጭኖ በማቆየት ወይም በሁለተኛ ገጽ ይገኛሉ። በኮምፒዩተሩ የድምፅ ስልትም ሠን ለማውጣት ተጨማሪ ምት ያስፈልጋል። የቸኰለ እጅ ቅርቡን ይመታል። በደብተሩ ላይ «ገብረ ሥላሴ» የተባለው ሰው በኮምፒዩተሩ «ገብረስላሴ» ሆኖ ሲገባ፣ ይዞታውን ለልጁ ለማውረስ ወይም ለማከራየት በመጣ ቀን ተፈልጎ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከይፋግ አዲስ ዘመን፣ ከአዲስ ዘመን ደብረ ታቦር ሲመላለስ የሚውለው ባለይዞታው እንጂ ጸሐፊው አይደለም። በማዳበሪያ ስም ዝርዝርም አንዱ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ሊገባ፣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ አስተዳዳሪው ከገበታው ዓይነት ይልቅ ደንቡን ይወስን፤ ስም በደብተሩ ላይ እንደ ተጻፈ ፊደሉ ሳይለወጥ ይገባል፤ «ገብረ» እና «ኃይለ» ከሚከተላቸው ቃል ተለይተው ይጻፉ ወይም ተያይዘው ይጻፉ፣ አንዱ ይመረጥና በወረዳው ሁሉ ይጠበቅ። ባለይዞታውም ከመፈረሙ በፊት ስሙ ከኮምፒዩተሩ ላይ ይነበብለት፤ ማንበብ የሚችል እንደ ሆነ በዓይኑ ይይ። አራት ነጥብም በራሱ ምልክት ይጻፍ እንጂ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት አይተካ፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ናቸው።

ስለ ምስጢር ጥበቃም አንድ ነገር እናሳስባለን። የፊደል ገበታ የሚጻፈውን ሁሉ ያያል። አንድሮይድ አዲስ ገበታ በተፈቀደ ቍጥር፣ ይህ ገበታ የይለፍ ቃልን ጨምሮ የሚጻፈውን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል ብሎ የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ሠሪው የማይታወቅ ገበታ፣ ወይም ከቴሌግራም ቻነል በፋይል የተወሰደ ኢሙሌተር፣ የገበሬዎች ስምና የይዞታ ልክ በሚጻፍበት ኮምፒዩተር ላይ መግባት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ በሕግም የሚያስጠይቅ ሆኗል። በዚያው ኢሙሌተር ላይ የባንክ መተግበሪያ መክፈትም አይገባም። ሠራተኛ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ወይም ኮምፒዩተሩ ለጥገና ሲወጣ የጉግል መለያው ከኢሙሌተሩ ይወገድ፣ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ።

በመጨረሻም ስለ ቆዩ ፋይሎች የሚጠይቁ ስላሉ፤ ከዩኒኮድ በፊት በተለመደው ስልት በቪዥዋል ግእዝና በፓወር ግእዝ የተጻፉት ደብዳቤዎች የአማርኛውን መልክ በላቲን ፊደሎች ቍጥር ላይ የደረቡ ነበሩ። ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናሉ። በኢሙሌተር ውስጥ ሲከፈቱም ያው ነው፤ የትኛውም የስልክ ገበታ አያነባቸውም። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም መፈለግ ያስፈልጋል፤ ከተለወጡም በኋላ እያንዳንዱ ስም ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር። በአማርኛው ምትክ ባዶ ሳጥን ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ጽሑፉ አልተበላሸም፤ የጐደለው የፊደል ቅርጹ ነው፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለው ቅርጽ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል።